የጎደለችው «አ»

ውድ ሹፌሩ፣

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። የማታ ትምህርት ስጀምር «ፂሙ ከሸበተ ወዲህ ሀ ሁ» እያልክ መሳቂያ ያደረግኸኝ ሰውዬ፣ አሁን ብታየኝ ትደነግጥ ነበር። መምህሯ ራሷ «ጽሑፍህ የሐኪም ይመስላል» ብላኛለች፤ ግማሹን ማንበብ ስላቃታት ነው መሰለኝ። አንተ ሞተሃልና አታነበውም። ይሁን። በሕይወት እያለህም ከመንገድ ምልክት ሌላ ማንበብህን እጠራጠራለሁ።

የማገገሚያው አዳራሽ እንደተውከው ነው። ረጅሙ መስታወት፣ ተንጠልጥለን የምንላብበት የብረት መደገፊያ፣ የላስቲክ ፍራሹ ሽታ። «አጅሬ» ብለን ስም ያወጣንለት፣ እንደ ልብስ እግርና ወገብ ላይ ታስሮ የሚያራምድ ሮቦትም ጥጉ ላይ አለ፤ ቀበቶዎቹ ተንዘላዝለው፣ ባትሪውን በጀርባው አዝሎ፣ ሰው የሌለበት ሰው መስሎ።

እኔን የሚያህል፣ ከፎቅ ወድቆ ያልሞተ ቀለም ቀቢ እያለ አጅሬን እንዲሞክር መጀመሪያ አንተን መምረጣቸው አናዶኝ ነበር። የከባድ መኪና መሪ ያፈረጠመው ክንድህ ለክራንች ይመቻል አሉ። ክራንቹ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫን አጅሬ ከተሽከርካሪ ወንበርህ አንስቶ አቆመህ። ያን ሁሉ ጊዜ ጎን ለጎን ስንኖር ተቀምጠህ እንጂ ቆመህ አላውቅህም፤ ለካ ረጅም ነህ። «ይሄን ሁሉ ቁመት የት ደብቀኸው ነበር?» አልኩህ። «ወንበሩ ሥር» አልከኝ። «እኛ ቁጭ ነገር እንጂ ቁም ነገር የለንም» ስንባባል የኖርን ሰዎች፣ ያን ዕለት ቁም ነገር አገኘን።

የመጨረሻው ቀን አዳራሹን አቋርጠህ መጣህና ልትቀመጥ የማውረጃውን ቁልፍ ተጫንክ። አጅሬ ጉልበትህን እያጠፈ ሊያወርድህ ጀመረ። ግራ እግርህ ግን በወንበሩ የእግር ማሳረፊያ ሥር ገብቶ ተይዟል። አንተ አላወቅህም፤ ከወገብህ በታች ያለው ሰውነትህ ወሬ ማድረስ ካቆመ ቆይቷል። የምታለማምደን ፊዚዮቴራፒስት አየችና «ቁም!» ብላ ጮኸች።

ጠዋት ጠዋት ስታስነሳህ የምትልህ ቃል ነው። «ቁም» ስትልህ የመነሻውን ቁልፍ ትጫናለህ። ያን ዕለትም ተጫንክ። አጅሬ በሙሉ ኃይሉ ቀና ሲል የተያዘው እግርህ አብሮት አልተነሳም። ጭንህ ሲሰበር ሁላችንም ሰማን፤ አንተን ብቻ አልተሰማህም። ዘወር ብለህ «ወንበሩ ተሰበረ እንዴ?» አልክ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የረጋ ደም ሳንባህ ገባ አሉን። በዚያው ሄድክ።

የማገገሚያው አለቆች «ተጠቃሚው የተሳሳተ ቁልፍ ተጫነ» አሉ፤ ቤትህም የደረሰው ይኸው ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን ፍራሹ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «አቁም ነበር ልል የፈለግሁት፤ ማሽኑን አቁም። ስደነግጥ ከአፌ የወጣው ቁም ነው» አለችኝ። ለአለቆቿም ተናግራ ነበር። «ያው ነው» አሏት። እኔ «አ»ን ለመጻፍ ላቤን ያንጠፈጠፍኩ ሰው ነኝ፤ ያው አይደለም።

ስለዚህ ሚስትህ ዘንድ ሄድኩ። ልብስህን ለሰው ልትሰጥ ታጥፍ ነበር፤ እያንዳንዱን ሱሪ እንደ ጥፋተኛ እያራገፈች። ያኔ ዝናብ ነው እደር ብትልህ አልሰማ ብለህ መኪናውን መገልበጥህን አነሳች። «አሁንም ያሉትን ትቶ ያላሉትን ተጫነ። ይሄ ሰውዬ መቼ ሰምቶ ያውቃል?»

አላስጨረስኳትም። «እህቴ፣ ሰምቷል» አልኳት። «ቁም አሉት፣ ቆመ። የሞተው ስለሰማ ነው።»

ስለ «አ»ዋም ጭምር ሁሉንም ነገርኳት። ስምህን አጥቤ እንደ አዲስ የቀባሁት መስሎኝ ምርቃት እጠብቅ ነበር። ሱሪው ከእጇ ወረደ። «ምነው ባትነግረኝ» አለች። «በእሱ መናደዴ እኮ ነበር አቁሞ የያዘኝ።» ከዚያ ግድግዳውን እንደተደገፈች ቁልቁል ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እጄን ብዘረጋም፣ ከወንበሬ ላይ ሆኜ አልደረስኩባትም።

ቀልድ ፈለግሁ፤ አንድ እንኳ አጣሁ።

ስወጣ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ ብላኛለች። ልርገጥ ብልስ በምን እግሬ? ግን እሄዳለሁ። ብትሰድበኝም፣ በሩን ብትዘጋብኝም ተመልሼ እሄዳለሁ። ለዚያ ቤት የሚናደዱበት፣ አልሰማ ባይ ሰው ያስፈልገዋል።

ያ ሰው እኔ እሆናለሁ፤ አንተ እረፍ።

የጎን ወንበርህ፣
ቀለም ቀቢው