ያስተካከልኩት ድራም

ውድ ቆጣሪ፣

ይህን የምጽፍልህ እናትህ ቤት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነው። ከክፍልህ በር የምርቀው ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። እህትህ ብታንኳኳም ብትጣራም መልስ ነፍገሃታል። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳ ያያል። አንተ ካላናገርከው ማን ያናግረው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ለዚህ ያበቃሁህ እኔ ነኝ።

የባንዳችን አልበም የወጣ ሰሞን ያ የሙዚቃ ሐያሲ መጽሔቱ ላይ የጻፈውን በቃልህ ይዘኸዋል። በአገሩ ፕሮግረሲቭ ሜታል የሚባለው ምቱ የተወሳሰበ ከባድ ሮክ ጠፍቶ ነበር፣ እነዚህ ልጆች መለሱት ብሎ ጀመረ። ዘፋኙን አመሰገነ፣ ጊታሩን አመሰገነ፣ የእኔን ቤዝ ጊታር እንኳ «ዝንፍ አይልም» አለው። አንተ ጋ ሲደርስ ግን «ድራሙ ልብ የለውም፤ ማሽን ቢመታው ይሻል ነበር» አለ። ሌሎች ጸሐፊዎችም ተቀባበሉት። ልምምድ ክፍላችን ውስጥ ጮክ ብለህ አነበብክልን። ዘፋኙ «ተወው ባክህ፣ አፉ እንዳመጣለት ነው የሚለፈልፈው» ሲልህ ሳቅክ። ከዚያ ዱላዎችህን ወንበሩ ላይ አስቀመጥክና «እጄ ሞቷል ማለት ነው» ብለህ ወጣህ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የቤዜን ገመድ እጠቀልል ነበር።

ቆጣሪ፣ እጅህ አልሞተም። በቁሙ የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ቀረጻው ሲያልቅ ድምፁን የማቀናበሩን ሥራ ለእኔ ተዋችሁልኝ፤ አመናችሁኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጀውን የመጨረሻውን ዘፈን ስሰማ፣ እስከ ሰባት እየቆጠርክ የምትመታው ቦታ ላይ ሆን ብለህ ትንሽ ትዘገያለህ፣ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው። የእኔ ቤዝ ደግሞ እየተንደረደረ ይቀድምሃል። ስህተቱ የእኔ ነበር። ደግሜ ልጫወተው ስችል፣ መሳሳቴን ለእናንተ መናገር አፈርኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ድራምህን ምት በምት እየጎተትኩ ቤዜ ላይ ለጠፍኩት። እዚያ ቦታ ብቻ እንዳያስታውቅብኝ ብዬ የቀሩትንም ዘፈኖች አስተካከልኩ። ጠንካራውንም ለስላሳውንም ምት እኩል አደረግኩት።

ስታዳምጠው ግንባርህን ቋጥረህ «እኔ እንዲህ ነው የመታሁት?» አልከኝ።

«ታዲያ ማን መታልህ?» ብዬ ሳቅኩብህ።

ያ ሳቅ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሻይ ስታማስል እንኳ የምትቆጥር ሰው፣ የራስህን ጆሮ ትተህ እኔን አመንከኝ። ትናንት ለሐያሲው እውነቱን ጻፍኩለት። «የታተመ ታትሟል፤ ለሚቀጥለው አልበማችሁ መልካም ዕድል» ብሎ መለሰልኝ። የቱ አልበም? አንተ ከሌለህ ምን የሚቀጥል ነገር አለን?

ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። ብትሰድበኝ፣ ብትደበድበኝ ደስታዬ ነው። ዝምታህን ግን አልቻልኩትም። ከደብዳቤው ጋር ስልኬን በበሩ ሥር አሾልኬልሃለሁ። ያልነካካሁት ቀረጻ እዚያ ውስጥ አለ። መጀመሪያው ላይ በራስህ ድምፅ ስትቆጥር ትሰማለህ፤ እሱንም ቆርጬው ነበር። እባክህ እስከ መጨረሻው ስማው። እጅህን ታውቀዋለህ።

ይህን ስታነብ ከደረጃው ተነስቼ፣ ቤዜን ይዤ በርህ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብያለሁ። ባትከፍትልኝም ግድ የለም። ሰምተህ ስትጨርስ በሩን በጣትህ ምታልኝ፣ በሰባት። የፈለግከውን ያህል ዘግይ። አሁን እጠብቅሃለሁ።

እየተንደረደረ ሲቀድምህ የኖረው፣
ቤዝ ተጫዋችህ