ሀያት እግሬን አመመኝ ስትል

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ዛሬም ተረከዜ። ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ ሚስማር እንደ መርገጥ ናት። ጀሞ ታክሲ ማዞሪያው ጋ የገዛሁት፣ ጫማ ውስጥ የሚነጠፍ ስፖንጅ ሶል ምንም አልፈየደም። እንዲህ ሆኜ 7ኛ ቢን ሳስሮጥ ዋልኩ። የስፖርት መምህር ሲያነክስ አይታይም፤ ዋጥ አደረግሁት።

ሀያት ሁለተኛው ዙር ላይ መራመድ ጀመረች። እግሬን አመመኝ ቲቸር አለች። ስንፍናሽ እግርሽ ላይ ወረደ እንዴ፣ አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ ደስ ሳይለኝ አልቀረም፤ ሁለት ዙር ጨመርኩባት። እያነከሰች ጨረሰች።

ላንተ ስጽፈው ያስጠላል፣ ማስታወሻዬ።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ፣ ማታ 12፡30

ከት/ቤት ወጥቼ ለቡ፣ ፊዚዮቴራፒ። ባለሙያዋ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ። እግሬን ውሃ አስነክራ ካርቶን ላይ አስረገጠችኝ። የብዙ ሰው አሻራ መሀሉ ጎድጎድ ይላል፤ የእኔ እንደ ጡብ ሙሉ ነው። ጠፍጣፋ እግር። በዚህ ዕድሜዬ ገና ዛሬ ማወቄ።

ስፖንጁን በሁለት ጣቷ ጨፈለቀችው። ስትቆምበት ይኸው ነው የሚሆነው አለች። ጥሩ ደጋፊ ሶል ጣቶቹ ጋ ይታጠፋል፣ መሀሉ ግን አይጠመዘዝም። የሶሉ ጉብታ ልክ የውስጥ እግሬ መሀል ላይ ይረፍ፤ ወደ ፊት ካለፈ ይወጋል፣ በጣም ከፍ ካለም ሌላ ሕመም ነው። የጫማው የራሱ የውስጥ ሶል ይውጣና በሱ ቦታ ይግባ። ለጊዜው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ። ሦስት ሞከርኩ፤ ሦስተኛው ልክ ሆነ።

ከዚያ ስለ ልጆች ጠየቅኋት። ለምን እንደጠየቅሁ አውቃለሁ። እግራቸው ጠፍጣፋ የሆነ ብዙ ልጆች አያማቸውም፤ አመመኝ የሚል ልጅ ግን መታየት አለበት አለች። የምታውቀው ልጅ አለ ወይ? የጎረቤት ልጅ አልኩ። ዋሸሁ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

በእረፍት ሰዓት ሀያትን ጠራኋት። ጫማዋ ወደ ውስጥ ተጣሟል፣ ሶሉ ሳስቶ ወረቀት አክሏል። ስለ እግሯ ስጠይቃት ፈራች። "አሁን ድኖልኛል ቲቸር፣ እሮጣለሁ።"

ሕመሟን ከእኔ ደበቀች። ያስተማርኳት ይኼን ነው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

እናቷ ወ/ሮ ዘይነባ ጀሞ የልጆች ልብስ ይሸጣሉ። የሄድኩት ሁሉንም ልነግራቸው ነበር። እግሯ ይታይ ከማለት ግን አላለፍኩም። ሱቁን ለእህታቸው ትተው ወዲያው ተነሱ። ሦስታችንም ለቡ።

ባለሙያዋ ሀያትን አስቆመች፣ አስኬደች። መጀመሪያ የሰጠቻት ሶል ጠንካራና ከፍ ያለ ነበር። ሀያት ደህና ነው አለች፤ ፊቷ ግን ተጨማደደ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ማንም አይቆጣሽም አለቻት። ልጅቷ እኔን አየች። እኔ መሬቱን። ይወጋኛል አለች በመጨረሻ። ዝቅ ያለው ሶል ተመቻት።

ስንመለስ ወ/ሮ ዘይነባ መረቁኝ። እንደ እርስዎ ያለ መምህር ያብዛልን አሉ። ሀያት አጠገባቸው ናት፤ ምንም አልነገረቻቸውም። እኔም አሜን አልኩ።

አሜን አልኩ!

ጥቅምት 11፣ ሰኞ፣ ረፋድ 4፡30

ምርቃቱን መሸከም አቃተኝ። ትናንት ተመልሼ ለወ/ሮ ዘይነባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁን፣ የጨመርኩባትን ዙር፣ የራሴን ሕመም ደብቄ በሷ መቀለዴን። ልብስ ማጠፋቸውን አላቆሙም። ከእርስዎ ወደ አንተ ወረዱ፤ ይገባኛል። "እኔ ይቅር ብልህ ምን ይጠቅማል? የተሳቀባት እሷ ናት። እዚያው የሳቁባት ቦታ ንገራት።"

ዛሬ ጠዋት ሀያትን ግቢው በር ላይ አገኘኋት። በክፍሉ ፊት ብናገር ቅር ይልሽ ይሆን አልኳት።

"አጭር ይሁን፣ ቲቸር።"

5ኛ ክ/ጊዜ 7ኛ ቢ ነው። ረጅም ንግግር ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። ሀያት አልሰነፈችም፣ እግሯን አሟት ነበር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይኼን ብቻ። ተደወለ፣ ልሂድ።