የኔ ያልነበረ ይቅርታ

እሑድ

እሺ አልኳቸው። በቃ፣ እሺ አልኳቸው።

ከቀትር በኋላ ልብስ እያጠብኩ በሩ ተንኳኳ። ሼህ እንድሪስና መምሬ ታደሰ ናቸው። ሼህ እንድሪስ የአባቴ ወዳጅ ነበሩ፤ አባቴ ሲሞት ጀናዛው ላይ ቆመው ያሰገዱት እሳቸው ናቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ በሚኒባስ ወርደው፣ አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ከተከራየቻት ክፍል ደጃፍ ቆሙ። እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ነው።

ግቡ ብል አልገቡም። «እሺታሽን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ መምሬ። ሼህ እንድሪስ ደግሞ፣ «ከይመር ጋር ተኳርፋችኋል አሉ። ጎረቤት ናችሁ። ለኛ ስትይ አፉ በይው ልጄ፤ አቤቱታውንም ተይው» አሉኝ።

እኔ ከይመር ጋር አልተኳረፍኩም። የተጎዳው ሰፈሩ ነው። ባለሱቁ ይመር መጋዘን እሠራለሁ ብሎ ወደ ቦኖው የምንወርድበትን የእግር መንገድ በቆርቆሮ አጠረው። ከዚያ ወዲህ ውሃ የምንቀዳው በአስፋልቱ ዞረን ነው፤ ጀሪካን በጀርባችን አዝለን፣ ወደ ደረቅ ወደቡ በሚከንፉት ከባድ መኪናዎች ጥግ ጥግ። ሴቶቹ ተሰብስበው «አንቺ አፍ አለሽ» ብለው እኔን ወከሉኝ። ሐሙስ ማዘጋጃ ቤት ቀጠሮ አለን።

ይህን ለሽማግሌዎቹ መናገር ነበረብኝ። «የኔ ብቻ አይደለም» ማለት ይበቃ ነበር። አፍ አላት የተባልኩት እኔ አፌ ተሳሰረ። «ለእናንተ ስል ትቼዋለሁ» አልኩ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ መረቁኝ። ሻይ አፈላሁላቸው። ስኳር ሁሉ አበዛሁ።

ሰኞ

ለማንም አልተናገርኩም። የማሽኑ ጩኸት ጠቀመኝ፤ እዚያ ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም። በእረፍት ሰዓት አስቴር መጣች። አስቴር ጎኔ ካለው ማሽን ላይ ነው የምትሠራው፤ ግቢም እንጋራለን። «ለሐሙስ ምን ልትናገሪ አሰብሽ?» አለችኝ። «እያሰብኩበት ነው» አልኳት። ዋሸሁ። ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ። ተቀብዬ በላሁ።

ስመላለስበት የዋልኩት ሰበብ ይኼ ነው፦ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። አባቴ ቢኖር እሺ በይ ይለኝ ነበር። ይመርም ልቡ ይራራ ይሆናል፣ መንገዱን በሰላም እንለምነዋለን። ሁሉም እውነት ይመስላል። ሆዴ ግን አንዱንም አልተቀበለውም።

ማክሰኞ

ያረቢ፣ ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

ጠዋት ጦይባ ውሃ ቀድታ በአስፋልቱ ስትመለስ ከባድ መኪና ጠርዙን ይዞ መጣባት። ልትሸሽ ስትል ከጎርፍ ቦዩ ውስጥ ወደቀች። ጦይባ የጎረቤታችን ሚስት ናት፣ እርጉዝ ናት። ሐኪም አይቷታል፤ አልሐምዱሊላህ ጽንሱ ደህና ነው፣ ቁርጭምጭሚቷ ግን አብጧል።

ልጠይቃት ስገባ ክፍሉ በሴቶች ተሞልቷል። ጠጋ ያለልኝ የለም። ለካስ ይመር ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ «ከሰዓዳ ጋር ታርቀናል፣ ነገሩ አልቋል» ሲል ነው የዋለው። አስቴር ከግድግዳው ሥር ተቀምጣለች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ጦይባ ብትቆጣ ደስ ባለኝ። አልተቆጣችም። «ሰዓዳ፣ አፉ ስትይው እኔን ጠየቅሽኝ?» አለች።

ያመጣሁላትን ብርቱካን አስቀምጬ ወጣሁ። ብርቱካን! ሰው አቁስዬ ብርቱካን ይዤ መሄዴ።

ረቡዕ

አስቴር ሳትጠብቀኝ ወደ ሥራ ሄደች። አብረን ያልሄድንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

እዚህ ደብተር ላይም ከዋሸሁ የት እውነት ልናገር ነው፤ ስለዚህ እውነቱን ልጻፍ። እሑድ ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌ ለማን ይላካል? ለትልቅ ሰው ነው። እንደ ባለ ርስት ተለመንኩ፤ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ በእጄ ያለ መሰለኝ። «የኔ ብቻ አይደለም» ብል ኖሮ ያቺ ክብር ትቀንስብኝ ነበር። ሴቶቹን የሸጥኳቸው ለምርቃትና «ልጄ» ለመባል ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር አላውቅም።

ከፈረቃዬ እንደወጣሁ ደሴ ወጣሁ። የደሴ ብርድ ለኮምቦልቻ ልብስ አይራራም። ሼህ እንድሪስ ከመስጊድ ሲመለሱ በራቸው ላይ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ነገ ቃሌን ላጥፍ ነው። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መንገዱን፣ ሴቶቹን፣ የጦይባን መውደቅ።

«ይመር ለኛ የሁለት ሰው ጠብ ነው ብሎ ነው የነገረን» አሉ።

«አዎ።»

«እሱስ የሚጠቅመውን ተናገረ። አንቺ ምነው ዝም አልሽ?»

ጫማዬን አየሁ። «የሰው ሐቅ አፉ የሚለው ባለሐቁ ነው፤ አላህ እንኳ ባለሐቁን ሳይጠይቅ አይምረውም። ይህን የወዳጄ ልጅ ታጣዋለች ብዬ አልገመትኩም» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

ነገ ተናገሪም አላሉኝ፣ ተይም አላሉኝ። «ሂጂ፣ መኪና ያልቅብሻል» ብለው ገቡ። የሐርጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሻሼን ፊቴ ላይ ጎትቼ አለቀስኩ። ረዳቱ ያመመኝ መስሎት መስኮት ከፈተልኝ።

ሐሙስ

ማዘጋጃ ቤት ሴቶቹ አንድ ወገን ተቀመጡ። ጎናቸው ቦታ ነበር፣ ለመቀመጥ ግን ድፍረት አጣሁ፤ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ይመር ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። ገና ሳይጠየቅ «እኛ ታርቀናል፣ ምስክሮቼም እኚሁ ናቸው» አለ።

ኃላፊው ሼህ እንድሪስን ጠየቃቸው። ተነሡ። «እሺ ብላናለች። እውነት ነው» አሉና ተቀመጡ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ።

ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «እሺ ብያለሁ» አልኩ። «ሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን ቃል እያጠፍኩ ነው፤ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መንገዱ የኔ አይደለም። ሳልጠይቃቸው ነው ይቅር ያልኩት። የጦይባን እግር እኔ ይቅር ልል አልችልም።» ከዚያ ሊሰማ በማይችል ድምፅ ሌላም ነገር አልኩ፤ ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውስም።

መምሬ ታደሰ ፈቃድ ጠይቀው ተነሡ። «ወደ ሌሎቹ ቤት አልሄድንም። ሌላ ሰው አለበት ብሎ የነገረን የለም። ሽምግልናችን ጎደሎ ነው» አሉ። የሳቸውም ፊት ቀልቶ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎችን በአደባባይ ያሳፈርኩ እኔ ነኝ።

ኃላፊው ባለሙያ ልኮ መንገዱን አስለክቶ እንደሚወስን ተናገረ። እስከዚያው አጥሩ ሰው እንዲያሳልፍ ይከፈት አለ። ይመር በአጠገቤ ሲያልፍ «ቃል የላት» አለኝ። እንዳልመልስለት እውነቱን ነው።

ውጭ ለሼህ እንድሪስ ሰላምታ አቀረብኩ። መለሱልኝ። «ልጄ» ግን አላሉኝም።

ዓርብ

ከአጥሩ ቆርቆሮ ተነሥቶ መተላለፊያ ወጥቶለታል። ጠባብ ነው፤ ጀሪካን ያዘለች ሴት በጎኗ ነው የምታልፈው። ባለሙያው መጥቶ ለይመር ይፍረድለት ለኛ፣ የሚያውቅ የለም።

ሰው እስኪቀንስ ጠብቄ ወደ ቦኖው ወረድኩ። አስቴር ግን ነበረች። ጀሪካኗን ሞልታ ዙሪያዋን አየች፤ ከኔ በቀር ሰው የለም። «አሸክሚኝ» አለች። ከማክሰኞ ወዲህ ያለችኝ ይኼው ነው። አንሥቼ አሸከምኳት። ገመዱን ደረቷ ላይ እያጠበቀች በአገጯ ወደ ሌላ ጀሪካን ጠቆመችኝ። «ያ የጦይባ ነው። አንቺ ውሰጅላት።»

«እኔ?» ልላት ነበር። ሄዳለች።

ከጦይባ በር ስደርስ ቆሜ ቀረሁ። ተመልሼ እሄድ ነበር፣ ጀሪካኑን የት አድርጌው? አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ሰዓዳ ነኝ።»

«ግፊው፣ አልተቀረቀረም» አለች።

እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች። ውሃውን ወደ በርሜሉ ገለበጥኩ። ደህና ነሽ ወይ አልኳት፣ ደህና ነኝ አለች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አወዛወዘች፤ ዛሬ አይሆንም እንደማለት። ባዶውን ጀሪካን ይዤ ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ነገም አምጪልኝ።»

ልቧ ራርቶልኝ ይሁን ወይ ውሃ የሚቀዳላት ሰው አጥታ፣ አላውቅም። ነገ ከፈረቃዬ በፊት እወርዳለሁ።