ሰፊው ይጥበቅ ወይስ ይላላ?

ለተከበሩ የከተማችን የብርድ ወራት ሀብት ፍለጋ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ እንደጸኑ ይቆዩልን ዘንድ እመኛለሁ። በተለይ ደረትዎን ብርድ እንዳይመታው ሌት ተቀን እጨነቃለሁ፤ ግራጫው ካፖርትዎ እኔ ዘንድ ለስፌት ስላለ ጭንቀቴ ከተራ ዜጋ ጭንቀት ይበልጣል። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ ከባለቤቴ ጋር የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ጽሕፈት ቤትዎ በየዓመቱ ብርዱ ሲጠና አንድ የወርቅ ቅብ ቁልፍ ደብቆ ሕዝቡን ከሞቀ አልጋው ማስነሣቱ የሚያስመሰግነው ነው። ዘንድሮ በየግድግዳው የለጠፋችሁት ፍንጭ «ቁልፉን የሚሻ ወደ ሰፊው በር ይሂድ፤ ከበሩ ጀርባ ይፈልግ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ «ሰፊው» ጠብቆ ሲነበብ የገበያው ትልቁ በር ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ግን እኔ ነኝ። «ቁልፍ» የሚባለውም በእናንተ ቤት በር ይከፍታል፣ በእኔ ቤት ደረት ይዘጋል። ከተማው በሙሉ አላልቶ ስላነበበ የሚከተለውን ቅሬታ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ፈላጊዎቹን ይመለከታል። በየዓመቱ አብረው ሲለፉና አብረው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ዘመዳሞች የሆኑ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። መሪያቸው ኮምፓስ የሚባሉት ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ገና ሱቄን ሳልከፍት ተሰልፈው ጠበቁኝ፣ እንዴት አደርክ አሉኝ፣ ከዚያ ከበሩ ጀርባ፣ ከመኪናው ጀርባ፣ በመጨረሻም ከባለቤቴ ጀርባ ፈለጉ። አንድ የጥርስ ሐኪም በመስተዋቱ የስፌት መኪናዬን ጉሮሮ መረመረ። ቃሉ ጠብቆ እንደሚነበብ ባስረዳቸው ኮምፓስ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ የሚደብቅ ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚል ነገሩኝ።

ሁለተኛ፦ በጣሳ ያስቀመጥኩትን የልብስ ቁልፍ ወስደው ሲጨርሱ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ላይ መቁረጥ ጀመሩ። ካፖርቶቹን በመርፌ ቁልፍ እንዳልይዛቸው፣ እሱም ስሙ ውስጥ ቁልፍ ስላለበት ተወስዷል። ከሁሉ መጨረሻ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የአባቴ ካፖርት ዞሩ። አባቴ ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ነው፤ ያ ካፖርት በእጁ የሰፋው የመጨረሻው ሥራው ነው፣ የቀንድ ቁልፎቹንም ራሱ ሞርዶ ነው ያበጃቸው። ባለቤቴ ፊቱ ቆማ «ይሄን እንኳ ተዉት፤ የሞተ ሰው ነው» አለቻቸው። ከልባቸው አዘኑ፣ አንዷ ሴትዮ እንዲያውም አለቀሰች፣ ከዚያ ቆረጡት። ሌላውን በቀልድ መጻፍ እችላለሁ፤ ይሄኛው ግን አንጀቴን አቃጥሎታል።

ሦስተኛ፦ መሥሪያ ቤትዎ ቁልፎቼን ከፈላጊዎቹ በጆንያ ተረክቦ፣ ተረካቢው እያንዳንዱን በቢሮው በር ቀዳዳ ሞክሮ «አልከፈተም» ብሎ መዝግቧል። ይህን የመሰለ ትጋት በሌላ አገልግሎት አይቼ አላውቅም። የአባቴን ቁልፎች ብቻ እንኳ እንዲመልስልኝ ብለምነው፣ በደንቡ መሠረት እውነተኛው ቁልፍ እስኪገኝ ምንም ቁልፍ እንደማይመለስ አስረዳኝ። እስከዚያው ደንበኞቼ ካፖርታቸውን በእጃቸው ጨምድደው እየሄዱ፣ ባለፉ ቁጥር በሌላኛው እጃቸው ይረግሙኛል።

አራተኛም ነበረኝ፤ እየጻፍኩት ሳለ አንድ ፈላጊ ገብቶ ከወረቀቱ ጀርባ ምን እንዳለ ሲያገላብጥ ተረሳኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሱቄን በከተማው ዘንድ ስላስተዋወቁልኝ፣ ለሕዝቡም የንባብ ፍቅር ስላሳደሩበት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለከርሞ ፍንጩን ከመለጠፍዎ በፊት ብቅ ቢሉ፣ ማጥበቅና ማላላት የዕለት ሥራዬ ነውና በነፃ አስተካክልልዎታለሁ።

በብርድም በሙቀትም እጅ ነሥቼ፣ ደረቴን ከፍቼ (የምዘጋበት የለኝምና) የምሰናበትዎ፣

ላልቶ የሚነበበው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለቤቴ ወንበሯን ፈላጊ ስለቀማት ትናንት ወጥታ የገበያውን ትልቅ በር ከኋላው ተደግፋ ልታርፍ ስትል፣ የወርቅ ቅብ ቁልፍዎ ከሚስማር ተንጠልጥሎ ጀርባዋን ወጋት። ሳትውል ሳታድር ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ብትወስደው፣ ተረካቢው ዘንድሮ የሚመዘገበው የልብስ ቁልፍ ብቻ መሆኑን በትሕትና ነግሮ መለሳት። እኛም ደንብ አክባሪዎች ስለሆንን በካፖርትዎ ደረት ላይ በድርብ ክር ሰፋነው፤ አሁን የልብስ ቁልፍ ነው። የአባቴን ቁልፎች ይዘው ሲመጡ ይለብሱታል። ካፖርትዎ ከሰፊው በር ጀርባ ተሰቅሏል፤ እባክዎ አላልተው ያንብቡት።