ጥቃት ሌላ፣ ቅጣት ሌላ

ኅዳር 2

ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሰልፉ እንደ ወትሮው። ያረፈዱት በር ላይ ተደርድረዋል፤ የሂሳብ መምህራችን ጋሽ ዘርትሁን በውሃ ጎማ ቁራጫቸው ይቀበሏቸዋል። የአራተኛ ክፍሏ ለሊሴ ዛሬም አርፍዳለች። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ ሳትጠየቅ መዳፏን ዘረጋች... መቷት። ቢሮ ገባሁ። ሻዬ ቀዝቅዟል።

ኅዳር 5

ስብሰባ። ከበላይ አካል ደብዳቤ መጥቷል። የብዙ አገር መንግሥታት ባሕር ማዶ ተሰብስበው፣ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ጥቃት እንዳይደርስባቸው ቃል ገብተዋል። የእኛም አለበት። እንግዶች ሊያዩን ይመጣሉ። ርእሰ መምህሩ ወልደ ኢየሱስ ደስ ብሎታል። "በር ላይ ባነር ያስፈልገናል። 'ትምህርት ቤታችን ከጥቃት ነፃ ነው' የሚል።" ባነሩ የምክትሏ ሥራ ሆነ። ምክትሏ እኔ ነኝ... ሌላ ማን ይሆናል?

ጋሽ ዘርትሁን እጅ አወጡ። "ጥቃት ሌላ፣ ቅጣት ሌላ። እኔ የምቀጣው እንደ ልጄ ነው።" ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ አሰፈርኩት። መንግሥታቱ ይህቺን አስበዋት ይሆን?

ኅዳር 9

ለሊሴ ከተመታች ቀን ወዲህ የለችም። እናቷ ዲንቄ መጣች፣ ነጠላዋን እያፍተለተለች። "ጠዋት ጠዋት ሆዴን ትላለች። ቅዳሜና እሁድ ደህና ናት። ሱሉልታ ያለችው አክስቷ ልጅ ትያዝልኝ እያለች ነው። ካልተማረች ምን ላድርጋት? እርስዎ ይንገሩኝ።" ትንሽ ታገሺኝ አልኳት። ሱሉልታ ከሄደች በቃ፣ አትመለስም።

ጋሽ ዘርትሁንን አናገርኩ። "ሥርጉት፣ እኛስ ተመትተን አይደል ሰው የሆንነው?" አሉኝ ሳቅ ብለው። ክፉ ሰው አይደሉም። ችግሩም እሱ ነው።

ወሰን ሰፈር ላለው ባነር ሠሪ ለቶፊቅ ጽሑፉን በስልክ ነገርኩት።

ኅዳር 12

እንግዶቹ መጡ። ዘበኛችን ሰቦቃ ባነሩን በጠዋት ሰቅሎታል። ቀና ብዬ አነበብኩ፦ "ትምህርት ቤታችን ከቅጣት ነፃ ነው።" ደግሜ አነበብኩ... ጠ እና ቀ ቦታ ተለዋውጠዋል። ለቶፊቅ ደወልኩ። "ውይ እህቴ፣ ተገላብጦብኝ ነው። አርሜ እሰጥሻለሁ። ግን ያው አይደለም እንዴ?"

ያው ነው?

ፈረንጇ እንግዳ ባነሩ ምን እንደሚል አስተርጓሚውን ጠየቀች። ነገራት። የወልደ ኢየሱስን እጅ ይዛ አለቅም አለች፤ ቅጣትንም ጭምር ማስቀረታችሁ ትልቅ ነገር ነው እያለች። ላብ በላብ ሆነ። "አዎ... ውሳኔያችን ነው" አለ። ጋሽ ዘርትሁን ጎማቸውን ከኋላቸው ደብቀው ቆመዋል። ሳቄ መጣ፤ ሳል አስመሰልኩት።

ኅዳር 13

ወልደ ኢየሱስ "የታረመው ሲመጣ ቶሎ አስቀይሪው" አለኝ። እሺ አልኩ።

ያረፈዱት በር ላይ ናቸው። ጋሽ ዘርትሁን ጎማውን ሲያነሱ አንዷ ተማሪ ወደ ላይ ጠቆመች። "እሱ ስህተት ነው፣ ይታረማል" አሏት። "እስኪታረም ድረስስ፣ ቲቸር?" ጎማውን ዝቅ አደረጉ። ሁሉም ሳይመቱ ገቡ።

ከሥራ ስወጣ ዳገቱን ወጥቼ ዲንቄ ቤት ሄድኩ። ለሊሴ በር ሥር ተቀምጣለች፤ ስታየኝ ወደ ውስጥ ሮጠች። ከእኔም ትሸሻለች ለካ... ከፋኝ። "ሰኞ ይዘሻት ነይ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ራሷ ታንብበው" አልኳት እናቷን።

ኅዳር 16

የታረመው ባነር መጣ። እንደተጠቀለለ ከቢሮዬ መደርደሪያ ጀርባ ቆሟል። ወልደ ኢየሱስ "ቶፊቅ አላደረሰም?" አለኝ። "ገና ነው" አልኩት። ቢጠይቀኝ ነገም ገና ነው።

ለሊሴ ከእናቷ ጋር መጣች፣ አርፍዳ። በሩ ሥር ቆማ ፊደል በፊደል አነበበችው። አንብባ ስትጨርስ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች፣ መዳፏን ዘረጋች። ጋሽ ዘርትሁን ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ባነሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ግቢ" አሏት።

ቦርሳዋን በአንድ እጇ አነሳች። ሌላውን እንደዘረጋች ገባች።