በአንድ ሒሳብ የታሰሩ ሦስት ስልኮች

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐምዛ አደም
አዲስ አበባ

የአላህ ሰላም በአንተ፣ በሚስትህና በልጆችህ ላይ ይሁን። ልጄ ነህና ሰላምታ አልነፍግህም። የቀረውን ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

አክስትህ ሰፊያ ይፋግ ላይ ሞታ ተቀበረች። እኔ አልነበርኩም። የእናቴ ልጅ አፈር ስትገባ እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ ለሰው ጨርቅ እየለካሁ ነበር።

መርዶውን ማን እንደነገረኝ ታውቃለህ? ጎረቤታቸው ሙላቴ ለራሱ ጉዳይ ከይፋግ መጥቶ ሱቅ ገባ። የሰማሁ መስሎት፣ "ምነው እትዬ ሐሊማ፣ ከእህትዎ ቀብር ቀሩ? ልጆቻቸው በሦስቱም ስልክ ቢደውሉ ቢደውሉ እምቢ አላቸው። ጀናዛ አይቆይም ተባለና ቀበርናቸው" አለኝ። አለማወቄን ሲረዳ ደንግጦ እዚያው ቁጭ አለ።

የኔ ስልክ፣ የሱቁና የእህትህ የኢክራም ክፍል ስልክ ዝም ካሉ ሰንብተው ነበር። መስመር ተበላሽቶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሞባይል እንደሆነ ጆሮዬ አይሰማበትም ብዬ አልያዝኩም። ኢክራምም ያ ባሏ እየደወለ ቢያስቸግራት የሞባይል ቁጥሯን ቀይራለች፤ ይፋግ ያሉት አያውቁትም።

ለቅሶ ስደርስ ሴቶቹ ፊት ነሱኝ። ትልቋ የሰፊያ ልጅ ግን አቅፋኝ፣ "እማ እስከ መጨረሻዋ ሐሊማ መጣች ወይ ትል ነበር" አለችኝ። ይህን ቃል አንተም ስማው። ለብቻዬ አልሸከመውም።

ከይፋግ እንደተመለስኩ ስልክ ቢሮ ሄድኩ። እመቤት የምትባል ደግ ልጅ መዝገቡን አይታ፣ "እማማ፣ ሦስቱም በአንድ ሒሳብ ነው የሚከፈሉት። ክፍያው ሲቋረጥ ሦስቱም ይዘጋሉ። ይለያዩልኝ ቢሉም ባለ ስሙ ልጅዎ መምጣት አለበት" አለችኝ። አንተ አሁንም እንደምትከፍል ተማምኜ፣ ተሳስተሻል ብዬ ተከራከርኳት። እፍረቴን ተከናንቤ ወጣሁ።

አባትህ ሲሞት ስልኮቹን ወደ ስምህ ስታዞር ዝም አልኩህ። በኋላም ለዒድ መጥተህ፣ ከእንግዲህ ወረፋ አትያዢ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ አድርጌ ከአዲስ አበባ እከፍላለሁ ስትለኝ ጎረቤት ጠርቼ መረቅሁህ። ለካስ ገመዱን በእጅህ እያስገባህ ኖሯል።

ዩኑስ ሁሉን ነገረኝ። የአጎቱ ልጅ ነህና ሊሸፍንልህ ሞክሮ ነበር፤ በአላህ ስም ብይዘው ተናገረ። "ባሏን ጥላ ለመጣች ሴት ስልክ አልከፍልም" ብለሃል አሉ። እሷን ለመቅጣት ብለህ የሁላችንን አፍ ዘጋህ። ያ ባሏ የንግድ ሸሪክህ ስለሆነ እህትህ በዱላው ሥር ትኑርልህ? ክንዷ ተሰብሮ በሻሽ ታስሮ ነው እዚህ በር የደረሰችው። አንድ ቀን እንዴት ነሽ ብለሃታል? ቤቱ ሰፊ ነው፤ እኔ እያለሁ ልጄ ደጅ አታድርም። አንተ ሸሪክህን አክብር፤ እኔ ልጄን አከብራለሁ።

አባትህ እነዚህን ስልኮች ያስገባው ቤቱ ከዘመድ እንዳይቆረጥ ብሎ ነው። አንተ ቆረጥከው። ሰፊያ እየጠራችኝ ሞተች፤ ይህን የምትከፍልበት ሒሳብ የለህም።

አሁን በራሴ ስም አዲስ ስልክ አስገብቻለሁ። የፈረመችልኝ ምስክር ኢክራም ናት። ይፋግም ሐሙሲትም ላሉ ዘመዶች ቁጥሩን ነግሬያለሁ። የድሮዎቹን እንደፈለግህ አድርጋቸው።

አዲሱን ቁጥር ለአንተ እዚህ አልጽፍልህም። ኢክራም ታውቀዋለች። የእሷን ቁጥር ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ዩኑስ ይሰጥሃል፤ ደውለህ እሷን ጠይቃት። ከእሷ አፍ ካልሆነ ከማንም አታገኘውም።

ለሰፊያ አላህ ጀነትን ይወፍቃት። ያንተን ልብ ያራራው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ። ተቆጥቼም ቢሆን ዱዓዬ ከአንተ አልተነሣም።

መግሪብ ከሰገድኩ በኋላ ከስልኩ አጠገብ አልርቅም።

እናትህ ሐሊማ