«እገደላለሁ» ያለውን ሰው «እገድላለሁ» ላሰኙት የመዝገብ ቤት ኃላፊ

ለክቡር የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ማንም ያልነካው ይሁን።

አስቀድሜ ስለ ራሴ የሰማሁትን ወሬ ላርም። «አሮጊቷ የመዝገብ ቤቱን ኮምፒውተር በምርኩዝ ፈነከተችው» ይባላል። ሐሰት ነው። የመታሁት ጠረጴዛውን ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ኮምፒውተሩን የማርሁት አዝኜለት ሳይሆን፣ አዛዡ ሌላ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። የእኅቴ ልጅ ብረት በያጅ ነው። አራት ወንድማማቾች በመሥሪያ ቦታው የተነሣ ሊገድሉት ስለዛቱበት በእጁ ጽፎ ለፖሊስ አቤት አለ፤ የአቤቱታውም መጨረሻ «ካልደረሳችሁልኝ እገደላለሁ» የሚል ነበር። ወረቀቱ እርስዎ ዘንድ ተቀመጠ እንጂ የደረሰለት የለም። በስምንተኛው ቀን አራቱም ገብተው በብረት ዘንግ መንጋጋውን ሰበሩት፣ ሁለት የጎን አጥንቱን አደቀቁት፣ ሲወድቅም ጭንቅላቱን በጫማ ረገጡት። እርሱም እጁ የገባውን መዶሻ ሲሰነዝር የታላቅየውን ግንባር ከፈለው፤ ሰውየው እዚያው ሞተ። ነገ ችሎት የሚመረምረው፣ ልጁ ነፍሱን ሊያድን ገደለ ወይስ ቀድሞ ዝቶ ገደለ የሚለውን ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ወረቀት ቦታ ያጣብባል ብለው ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ስላስገቡ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ በትሕትና እንዳስረዳኝ ኮምፒውተር ፊደልም፣ ሥዕልም፣ ድምፅም አያውቅም፤ የሚያውቀው ዜሮና አንድ ብቻ ነው። የአንድ ገጽ ሥዕል በዜሮና በአንድ ሲጻፍ እጅግ ስለሚበዛ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅም ማሽኑ የሚመሳሰሉትን ፊደላት ሰብስቦ አንዱን ብቻ ያስቀርና፣ በቀሩት ቦታ ሁሉ ያንኑ እንደ ማኅተም ይመታዋል። «ደ» እና «ድ» ተመሳሰሉበት። እነሆ «እገደላለሁ» ብሎ የጮኸው ልጅ በእርስዎ ቅጂ «እገድላለሁ» እያለ ይዝታል። አራት ሰው በብረት ዘንግ ያልጨረሰውን ሥራ በአንዲት ጭረት ጨረሱት፤ የእጅ ጥበብ ይሏል ይህ ነው።

፪ኛ. ዋናውን ወረቀት ቆራርጠው ስለጣሉት፣ ከማመሳከር ድካም ገላግለውናል።

፫ኛ. ጸሐፊዎ «እማማ፣ ማሽን አይሳሳትም፤ መነጽርዎን ይቀይሩ» ስላለችኝ ቀየርሁ። በአዲሱም መነጽር ባየው፣ በዚያው ገጽ «ሊደበድቡኝ» የሚለው «ሊድበድቡኝ»፣ «ወደ» የሚለው ደግሞ «ወድ» ሆኗል። ይህ የማን ቋንቋ እንደ ሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ልጁን ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ያስቆጠሩኝ፣ አንዲት ጭረት ስሳሳት መዳፌ እስኪደማ በአርጩሜ የሚገርፉ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ጽሕፈት ከቤታችን አይወጣም። ይልቁንም በአንዱ «ድ» አናት ላይ የብዕሩ ቀለም ነጥብ ጥሏል፤ ያችው ነጥብ በዚያው መጠን፣ በዚያው ስፍራ፣ በገጹ ባሉት ዐሥራ አንድ «ድ»ዎች ሁሉ ላይ ትገኛለች። ዐሥራ አንድ ጊዜ እኩል የሚያንጠባጥብ ብዕር ካለዎት እባክዎን ያውሱኝ።

፬ኛ. ይህኛው ስድብ ስለነበረ ጨመቅሁት።

ስሜን ብጽፍ በመዝገብዎ ሌላ ሰው ሆኜ እንዳልገኝ ፈርቼ ያስቀረሁት፣
ውለታዎን እስከ መቃብር የማልረሳው፣
የበያጁ አክስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ነገ እንዳይደነግጡ፣ በመጀመሪያ የማደርገውን ልንገርዎ። ፊቴን እታጠባለሁ። ገጹን በትልቁ አስባዝቼ ለጠበቃው፣ ለዐቃቤ ሕጉና ለዳኛው እሰጣለሁ። ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየጠቆምሁ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ከዚያም እርስዎ ተጠርተው ልጁ የጻፋትን ያችን ቃል በችሎቱ ፊት በጥራት እንዲያነቧት እለምናለሁ፤ የልጁ መንጋጋ በሽቦ ስለታሰረ እርሱ ሊናገራት አይችልም።